የተፈተገው ማፍያ

ከኩሽናው የሚመጣው ድምፅ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወፍራም ብረት ሲፍቅ የሚያወጣው ነው። ስሂን ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ሰማችውና ደነገጠች።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ተጨናንቋል። ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በመጡ ተጣጣፊ ወንበሮች ላይ፣ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ባሏ ንጉሡ የተቀበረው በዚያው ቀን ነው። አንዲት ሴት የሟቹን ደግነት እያነሳች፣ ብርድ በገባ ቁጥር የስንቱን ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ማሞቂያ ሳያስከፍል እንደጠገነ እያወራች ታስለቅሳለች። ስሂን የምትሰማው ግን ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ፍቅፍቅታ ነው። መጥበሻዎቿ የማያጣብቁ፣ ድስቶቿ የማይዝጉ ናቸው። ያን ዓይነት ደረቅ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ በቤቷ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእሷ አይደለም።

“ማፍያውን አትንኩት” አለች።

“ምን አለች?” አሉ በስተቀኟ የተቀመጡት ሴትዮ።

“ማፍያውን። እትዬ ውባንቺን ተይው በሉልኝ።”

“ውሃ ጠምቷታል። ኧረ ውሃ አምጡላት!”

“ውሃ አይደለም! የሻይ ውሃ የማፈላበት ነው፤ እየፈተጉት ነው፤ እሱ እኮ አይፈተግም!” ብላ ብድግ አለች።

ከግራና ከቀኝ ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። “ሻይ ልታፈላለት ነው” አለች አንዷ። “ከሥራ የሚመጣ መስሏታል! ወይኔ ወይኔ!” በዚህ ቤቱ እንደ አዲስ ተነሳ። ዝም ብለው የነበሩትም ማልቀስ ጀመሩ። ባሏን የቀበረች ሴት ከፍራሿ ተነስታ የኩሽና ዕቃ ልትቆጣጠር አትሄድም። ኩሽናው የለቀስተኞቹ ነው፤ የእሷ ድርሻ መቀመጥና ማልቀስ ነው። ስለዚህ ስሂን አለቀሰች። ያለቀሰችው በንዴት ነበር። እነሱ ግን “ይውጣላት፣ ይውጣላት” እያሉ ጀርባዋን ደባበሷት።

ፍቅፍቅታው አላቆመም።

ስሂን ወደ አሜሪካ የመጣችው በፈረንጆቹ 2001 በዲቪ ነው። ቀን ቀን ሮክቪል በሚገኝ የጥርስ ላብራቶሪ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትቀርጻለች፣ ቀለሙን ከባለቤቱ ጥርስ ጋር ታመሳስላለች። ማታ ማታ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር። ጃፓንኛ የተመዘገበችው ወድዳው አይደለም፤ ሌላው ክላስ ሁሉ ከሥራ ሰዓቷ ጋር ስለተጋጨባት ነው። አንድ ቀን አስተማሪው ከአሌክሳንድሪያ አንዲት አሮጊት ይዞ መጣ። ሚስስ ኦካጂማ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ትውልደ ጃፓን የሆነ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው የመጡ፣ ባላቸው ከሞተ በኋላ የጃፓንን የሻይ ሥርዓት በቤታቸው የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። በክፍሉ ፊት ተንበርክከው ከቀርከሃ የተጠረበች ቀጭን የሻይ ማንኪያ በሐር ጨርቅ ጠረጉ። ማንኪያዋ ንጹሕ ናት። ቀስ ብለው እንደገና ጠረጓት።

ስሂን እጇን አወጣች። “ንጹሕ ከሆነች ለምን ትጠረጋለች?”

“ንጹሕ መሆኗን አንቺ እንድታዪ” አሉ ሚስስ ኦካጂማ። ቀና ብለው ትንሽ ካዩዋት በኋላም “ቅዳሜ ቤቴ ነይ። ነጭ ካልሲ አድርጊ” አሏት።

ሄደች። በብዙ ወንድምና እህት መካከል ላደገች ልጅ ዕቃ ማለት ከእጅ ወደ እጅ የሚነጠቅ፣ ከተሰበረም “ማነው የሰበረው?” የሚባልለት ነገር ነበር። ሰው ዕቃን እንደዚያ ሲይዝ አይታ አታውቅም። የመጀመሪያውን ዓመት የሐር ጨርቁን ማጠፍ ብቻ ተማረች። ከዚያ ከአንድ የቀርከሃ አንጓ ተሰንጥቆ የተሠራውን መምቻ ይዛ የሻዩን ዱቄት ከሙቅ ውሃ ጋር መምታት፣ ከዚያ ለበጋ አፉ ሰፊ የሆነ ዝርግ ጣባ፣ ለክረምት ሙቀት የሚይዝ ጎድጓዳ ጣባ መምረጥ ተማረች። ሌሎቹ ተማሪዎች እየመጡ ሄዱ፤ እሷ ቆየች።

ንጉሡን ያገባችው በዚህ መካከል ነው። የማሞቂያና የኤሲ ቴክኒሻን ነበር። ልጅ አልወለዱም። በየቅዳሜው በሥራ ቫኑ አሌክሳንድሪያ ያደርሳትና ፓርኪንጉ ላይ መቀመጫውን ዘርግቶ ይተኛል። ስትመለስ ያበሽቃታል።

“ሴትዮዋ እስከ ዛሬ አንድ ሻይ ማፍላት አላስጨረሱሽም? እኔ እኮ ስንት ሕንጻ ኤሲ ገጠምኩ!”

“አንተ ብትማር በመጀመሪያው ቀን ነበር የሚያባርሩህ።”

“ምን አጥፍቼ?”

“ታንኮራፋለህ።”

አንድ ክረምት የሚስስ ኦካጂማ ማሞቂያ ተበላሸ። ንጉሡ ምድር ቤት ወርዶ እጁ በጥላሸት እስኪጠቁር ሠራላቸው። እሳቸውም እጁን አስታጥበው በዋናው እንግዳ ቦታ አስቀመጡትና ሻይ አቀረቡለት። አንዴ ጨለጠውና “ስኳር የለም?” አለ። ሚስስ ኦካጂማ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው እስኪንቀጠቀጡ ሲስቁ ስሂን ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ የእሳቸውን የሻይ ምድጃ በዓይኑ ለክቶ፣ እሱና ስሂን በሚኖሩበት ኮንዶ መኝታ ቤት ጥግ ከእንጨት ዝቅ ያለ ሣጥን ሠራላት፤ ውስጡ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገጠመላት።

ማፍያው ካማ ይባላል። እጀታም የመቅጃ አፍም የሌለው፣ ድቡልቡል፣ ጥቁር፣ ከባድ ብረት ነው፤ ውሃው በቀርከሃ ጭልፋ ይቀዳል። የሚስስ ኦካጂማ ካማ ከአስተማሪያቸው የተላለፈላቸው ነው። በልብሳቸው ጠቅልለው በመርከብ ያመጡት እሱን ነበር። ውጪው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነጠብጣብ አለው። ውስጡ ቀይ ቡናማ ነው።

“ዝገት ይመስላል” አሏት በ2012 መጸው መግቢያ ላይ፣ በሁለት እጃቸው ወደ እሷ እየገፉት። እጆቻቸው ይንቀጠቀጡ ስለነበር ሊያነሱት አልቻሉም። “ዝገትም ነው። የስንት ዘመን ውሃ ያለበሰው ነው፤ አሁን ውሃውን ከብረቱ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሳሙና አይነካውም። ሽቦ አይነካውም። ከአንቺ እጅ ሌላ እጅ አይነካውም። ቤትሽ ውሰጂውና እሳቱን ተላመጂው። ኖቬምበር ላይ ምድጃውን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ።”

በሻይ ቤቶች ኖቬምበር ሲገባ የበጋው ማንደጃ ይነሳና ወለሉ ውስጥ ያለው የክረምት ምድጃ ይከፈታል፤ ታላቅ ቀን ነው። በሚስስ ኦካጂማ ቤት ያን ቀን በዚያ ካማ ሻይ አቅርቦ የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር ማንም የለም። ስለዚህ የተነገራት ነገር ምን እንደሆነ ለሁሉም ተማሪ ገባው፤ ከእሳቸው በኋላ በዚያ ቤት የምታስተምረው ስሂን ናት። ቫኑ ውስጥ ገብታ ለንጉሡ ስትነግረው ጡሩምባውን ረጅም ነፋው።

“ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ ማን ልበልሽ? የኔታ?”

“ቀስ በል፣ ዕቃው ይንገጫገጫል!”

“እሺ፣ የኔታ።”

በየማለዳው ከሥራ በፊት ውሃ ታፈላበት ነበር። በኦክቶበር አንድ ማለዳ ውሃው ድምፅ ማሰማት እንደጀመረ ስልኳ ጮኸ። ንጉሡ ሮክቪል አንድ ጣሪያ ላይ ኤሲ ሲፈታ ልቡ ቀጥ ብሎ ወድቋል። ምድጃውን አጥፍታ ሮጠች። ሆስፒታል ስትደርስ አልቆ ነበር። ካማው ውሃ እንደያዘ መኝታ ቤት ጥግ ቀረ። የቤቱን ቁልፍ ተቀብላ ቤቱን ለለቅሶው ለማሰናዳት ቀድማ የገባችው የንጉሡ ታላቅ እህት ውባንቺ ናት፤ የሻይ ዕቃውን ሁሉ ከመኝታ ቤት ወደ ኩሽና ያወጣችውም እሷ ናት።

ውባንቺ አርሊንግተን አንድ ሆቴል ውስጥ የጽዳት ሱፐርቫይዘር ናት። ለቅሶ በተሰማበት ቤት ሁሉ ቀድማ ትገኛለች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስርና የባለቤቱን ማቀዝቀዣ ከፍታ ያለውን የሌለውን ታያለች፣ ለአንዷ ሽንኩርት፣ ለሌላዋ መጥረጊያ ትሰጣለች። ማንም ፈቃድ የሚጠይቃት የለም። እሷ የነካችው ቤት ከለቅሶው በፊት ከነበረበት ይበልጥ ንጹሕ ሆኖ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ወደ አመሻሹ ንፍሮ ዞረ። ለስሂን የቀረበላት ንፍሮ ያለው በጥቁር የሸክላ ጣባ ነው፤ ለኖቬምበር ቀን የመረጠችው የክረምት ጣባዋ። ገና ሳታስብ እጆቿ ልማዳቸውን አደረጉ። በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ጎንበስ አለች፣ ጣባውን በግራ መዳፏ ላይ አስቀምጣ በቀኝ እጇ ቀስ ብላ አዞረችው። የሻይ እንግዳ ጣባውን እንዲህ ሳያዞር አይጠጣም።

“ንፍሮውን አዞረችው” አለ አንድ ድምፅ።

“የጃፓን ትምህርቷ ነው።”

“ከአርባው በኋላ ጸበል ትወሰድ።”

ስሂን ጣባውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። የሎሚ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሳሙና ሸተታት። “ነፍስ ይማር” ብላ ከንፍሮው ቆነጠረች፤ ሌላ ምን ትላለች?

በሠልስቱ ማግስት ከፍራሿ ተነስታ ኩሽና ገባች። ሲንኩ ያብረቀርቃል። ውባንቺ ከሁለት ሴቶች ጋር ሆና የመጨረሻውን ዕቃ ታደራርቃለች።

“ነይ እስቲ እይው” አለች ውባንቺ። ፊቷ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ ብሏል። “ይቺን ብሩሽ ደግሞ ከየት አገኘሻት? ቴርሞሱን ውስጥ ለውስጥ አጸዳችልኝ!” በእጇ የያዘችው የቀርከሃውን መምቻ ነው፤ ጥርሶቹ ረግፈዋል። ስሂን መምቻውን ችላ አለችው፤ መምቻ ይተካል። ዓይኗ የሄደው ዕቃ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ወደተቀመጠው ካማ ነው። ገለበጠችው። ውስጡ እንደ አዲስ ቢላ ነጭ ሆኗል፤ ታችኛው በኩል ከዚህ በፊት ያልነበረ ብርቱካንማ የዝገት ነጠብጣብ ወጥቷል። ውጪው እዚህም እዚያም ተገሽልጧል።

“ክርኔ እስኪላቀቅ ነው የፈተግሁት” አለች ውባንቺ። “በሽቦ አልሆን ሲለኝ ቤኪንግ ሶዳ፣ እሱም አልሆን ሲለኝ ሎሚ ጨመርሁበት። ያን ሁሉ ዝገት! ወንድሜ በዚህ ውሃ ነበር ሲጠጣ የኖረው?”

“ማን ንኪ አለሽ?”

“ምን?”

“ማን ንኪ አለሽ፣ ውባንቺ?”

“እትዬ” የሚለው ከስሙ ፊት ሲጠፋ ሁለቱ ሴቶች እጃቸውን ከሲንኩ አወጡ።

“ወንድሜን ቀብሬ” አለች ውባንቺ በቀስታ፣ “ጎኔን ሳላሳርፍ፣ ቤትሽን መስታወት አድርጌ ላስረክብሽ፣ ስለ ድስት ትጮኺብኛለሽ?”

“ድስት አይደለም።”

“ታዲያ ምንድን ነው? ታቦት ነው?”

ሴቶቹ አማተቡ።

“ሆቴልሽ መሰለሽ?” አለች ስሂን። “ሰው አድሮበት የሄደ፣ አንሶላው ተገፎ፣ ሽታው በመድኃኒት ተባርሮ ለሌላ የሚከራይ ክፍል መሰለሽ? የሰው ቤት ነው! የሰው አደራ ነው! ሳትጠይቂ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ምንድን ነው ሳትይ!”

ከበስተኋላቸው ማድረቂያው ውስጥ የንጉሡ የሥራ ጃኬት ከአንሶላዎች ጋር ይሽከረከራል፤ ዚፑ በየዙሩ ቆርቆሮውን ይመታል። ስለ ጃኬቱ ስሂን አንድ ቃል አልተናገረችም።

ውባንቺ ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ወጣች።

ወሬው ሳምንት ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያኑን አዳረሰ። “ባሏ ሳይቀዘቅዝ በድስት ተጣላች” ተባለ። ሊያስታርቁ የመጡት የማኅበሩ ሽማግሌ ጋሽ ወልደአምላክ ናቸው። ካማውን ጭናቸው ላይ አድርገው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው፣ ደግሞ ወደ ታች መልሰው መረመሩት።

“ልጄ፣ እኔ እንደሚታየኝ ንጹሕ ነው።”

“ለዚያ ነው የተቆጣሁት፣ ጋሼ።”

“ንጹሕ ስለሆነ?”

“አዎ።”

ጋሽ ወልደአምላክ ካማውን ከጭናቸው አወረዱት። “ይሄን ለማኅበሩ እንዴት ብዬ ላስረዳ?”

“አያስረዱ። ይተዉት።”

“አዲስ ቢገዛልሽስ? ልጆቹ ኦንላይን ኦርደር ያደርጉልሻል፤ በሁለት ቀን ይመጣል ይላሉ።”

“ጋሼ፣ ይሄ የሴትዮዋ አስተማሪ የያዙት ነው። ኦንላይን የለም።”

“ውባንቺ እኮ በፍቅር ነው ያደረገችው።”

“እሱን መች አጣሁት! ጠላት ቢያደርገው እኮ ቀላል ነበር። ሰድቤው እገላገል ነበር። እሷን ግን ብሰድባት እኔ ነኝ ክፉ፤ ዝም ብላትም እኔ ነኝ የምቃጠል። ይኸው ብሰድባት እርስዎ መጡብኝ!”

ሽማግሌው ሊስቁ ቃጣቸው፤ ቦታው እንዳልሆነ ትዝ ሲላቸው በሳል አስመስለው ዋጡት። ያለ ዕርቅ ሄዱ።

ቅዳሜ ስሂን ቫኑን ራሷ ነዳች። ከኋላ የንጉሡ መፍቻዎች ይንኳኳሉ። ካማውን በፎጣ ጠቅልላ በጎኗ ባለው መቀመጫ ላይ በቀበቶ አስራዋለች። የቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን፣ ይዛ አሌክሳንድሪያ እስክትደርስ የምትዋሸውን ውሸት ታማርጥ ነበር። “ቤት ረሳሁት” ብትል እስከ ሌላው ቅዳሜ ያደርሳታል። “ራሴ ሳላውቅ አጠብሁት” ብትል ሚስስ ኦካጂማ አያምኗትም። በሩ ላይ ስትደርስ ውሸት አልቆባት ነበር።

ሚስስ ኦካጂማ ጥቁር ልብሷን አይተው ወገባቸው እስኪታጠፍ ዝቅ አሉላት። ተቀመጡ። ስሂን ፎጣውን ፈታች። አሮጊቷ ክዳኑን አንስተው ወደ ውስጥ አዩ፤ ጣታቸውን ሰደው አወጡት። ጣታቸው ብርቱካንማ ሆነ።

“ማን ነው?”

“የባሌ እህት። በለቅሶው ቀን። ድምፁን እየሰማሁ ነበር፤ መነሳት ግን አልቻልሁም።”

“ለምን?”

“አይነሳም።”

በዚህ ላይ ማብራሪያ አልጠየቋትም። ከማይነሳበት ቦታ መቀመጥን ያውቃሉ።

“ሳይደርቅ ነው የተተወው?”

“ውሃ እያፈላሁ ስልክ ተደወለ።”

ስሂን የምትጠብቀው ምን እንደሆነ ያወቀችው ያኔ ነው። ምንም አይደለም እንዲሏት ትጠብቅ ነበር። ሰው ሁሉ ለሁለት ሳምንት ምንም አይደለም ሲላት ከርሟልና ከእሳቸውም ጠበቀች። የሚስስ ኦካጂማ ከንፈር ግን ነጭ ሆኗል። በቁጣ ነው።

“ኖቬምበር በሌላ ካማ ይከፈታል” አሉ። “ሌላ ሰው ታቀርባለች። አንቺ እንግዳ ትሆኛለሽ።”

“ባሌ ሞቷል!” አለች ስሂን ጮክ ብላ። በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ሰምታ አታውቅም።

“አውቃለሁ። አሁን የሚያሞቀን የእሱ እጅ ሥራ ነው። ካማው ግን ተበላሽቷል።” ክዳኑን መልሰው ገጠሙ። “ተፈልቶ የተጣለ የሻይ ቅጠል አድርቂ፤ በጨርቅ ቋጥረሽ አፍዪበት። ውሃው ይጠቁራል። ድፊውና አድርቂው፤ እንደገና አፍዪ። ውስጡ ይመለሳል። ውጪው አይመለስም።”

“እስከ መቼ?”

“ውሃው ብረት ብረት ማለቱን እስኪተው።”

“ከዚያ ላምጣልዎት?”

“አታምጪው። ካሁን ወዲያ የአንቺ ነው። ሲድን እኔ ላላየው እችላለሁ።”

ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ቀን በፊት ሳይሸኟት ቀርተው አያውቁም።

ምድጃው በተከፈተበት ቀን ስሂን ነጭ ካልሲዋን አድርጋ ከእንግዶቹ መጨረሻ ተቀመጠች። ሌላዋ ተማሪ እጇ እየከበዳት ጭልፋውን ስታንጠባጥብ አየች። ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ አለች፣ የሚባለውን የምስጋና ቃል ሳታጎድል አለች፣ ጠጣች። ስለ ማስተማሩ ማንም ምንም አልተናገረም፤ አያስፈልግም ነበር። ቫኑ ውስጥ ገብታ መሪውን መዳፏ እስኪቀላ ደበደበችው።

ቅጠሉን ግን በየማለዳው ታፈላለች። ውሃው ይጠቁራል፤ ትደፋለች፣ ታደርቃለች። ንጹሕ ውሃ ስትሞክርበት ይቀላል።

በአርባው ዋዜማ ውባንቺ አንድ ከረጢት ሽንኩርትና ትልቅ ማማሰያ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። “የወንድሜ አርባ ነው” አለች። “ለአንቺ ብዬ አልመጣሁም።”

“አውቃለሁ። ግቢ።”

ውባንቺ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች በቀጥታ ወደ ኩሽና አመራች። ስሂን ቀድማት በሩ መካከል ቆመች፤ ሁለቱን መቃን ያዘች።

“ሽንኩርቱን እዚያው አስቀምጪው። ኩሽና አትገቢም።”

“ወጡን ማን ሊሠራው ነው?”

“ነገ አዳራሽ ይሠራል፤ ሴቶቹ ይመጣሉ። ዛሬ እዚህ ቤት እንግዳ ነሽ።”

“እኔ? በወንድሜ ቤት?”

“አንቺ። ጫማሽን አውልቂና ተከተዪኝ።”

ውባንቺ ልትመለስ ወደ መውጫው አየች፤ ከዚያ ሽንኩርቱን አየች፤ ጫማዋን አወለቀች። መኝታ ቤቱ ጥግ፣ ከሣጥኑ ፊት ስሂን ትራስ አስቀመጠችላት። ውባንቺ እጇን በእንጨቱ ላይ አሳለፈች።

“ንጉሡ ነው የሠራው?”

“እሱ ነው።”

“ማዕዘኑ ጠማማ ነው።”

“ጠማማ ነው።”

ውባንቺ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ስሂን ጣባውን፣ አዲሱን መምቻና ማንኪያዋን አንድ በአንድ ይዛ ገባች። በገባች ቁጥር ውባንቺ ልትቀበላት ከትራሱ ትነሳለች፣ በገባች ቁጥር ስሂን በዓይኗ መልሳ ታስቀምጣታለች። ውባንቺ እጅ የሌላት ያህል ተጨነቀች፤ ጉልበቷን ይዛ፣ ለቅቃ፣ መልሳ ያዘች። ከካማው ላይ ክዳኑ ሲነሳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ስሂን የሻዩን ዱቄት ጨምራ ሙቅ ውሃ ቀዳችበትና መታችው። ብሩህ አረንጓዴ መሆን ያለበት ሻይ ብረቱ ሲነካው ጠቆረ። ጣባውን አዙራ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችላት።

“ምንድን ነው? ጎመን ነው?”

“ጠጪው።”

ውባንቺ በሁለት እጇ አንስታ ተጎነጨች። ፊቷ ተኮማተረ። “ብረት ብረት ይላል።”

“አዎ።”

“በፊትም እንዲህ ነበር?”

“አልነበረም። ጣፋጭ ነበር።”

ውባንቺ ጣባው ውስጥ አየች። “እኔ ነኝ?” አለች።

“አንቺ ነሽ።”

ስሂን ይቅርታ አልጠበቀችም፤ ውባንቺም አልጠየቀችም። የቀረውን ግን አላስተረፈችም፤ እያንገሸገሻት እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ከዚያ ጣባውን ይዛ ብድግ አለች፤ እግሯ ወደ ኩሽና ነበር።

“ወዴት?”

“ልጠበው እንጂ!”

“ተቀመጪ አልኩሽ!”

ቁጣው ከዚያ ከሲንኩ ቀን ቁጣ አንድም አልቀነሰም። ውባንቺ ተቀመጠች። ስሂን ጣባውን ወሰደችና ከካማው ቀይ ውሃ ቀድታ አለቀለቀችው፤ ደፋችው፤ በነጭ ጨርቅ ጠረገችው። ጨርቁ ብርቱካንማ ሆነ። ውባንቺ የሰው ወጥ ሲያርር ቆማ እንደምታይ ሴት ከንፈሯን ነክሳ አየቻት።

“ሳሙናስ?”

“የለም።”

“ኧረ በሥላሴ!” አለች ውባንቺ፤ እጆቿን ግን ጭኗ ላይ አጣምራ ያዘቻቸው። ስሂን ማንኪያዋን አንስታ እዚያው ጣባ ውስጥ የሁለተኛውን ዙር ዱቄት ጨመረችላት።